ከአጥንት ነፃ

የጥሩወርቅ ሽሮ መንተክተክ ሲጀምር፣ ከደሴ የሚመጣ ሹፌር ገና ውርጌሳ ሳይደርስ አፍንጫውን በመስኮት ያወጣ ነበር፤ ከወልድያ የሚወርደው ደግሞ ፍሬን መያዝ አያስፈልገውም፣ መኪናው በራሱ ፈቃድ መርሳ ላይ ይቆማል ይባላል። የመኪናው ነገር ትንሽ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ምንም ያልተጨመረበት ግን ይኼ ነው፦ ቲማቲምና ሽንኩርት በሚጫንበት ግቢ አጥር ሥር፣ ሁለት ቆርቆሮ ተደግፎ በተሠራ ጥላ ውስጥ፣ ጥሩወርቅ የምትባል ሴት በአንድ የከሰል ምድጃና በአንድ ድስት ግማሽ መርሳን ቀጥ አድርጋ ይዛው ነበር።

ምሳዋ ፈጣን ነው። አንድ አይሱዙ ተጭኖ ሸራው እስኪታሰር ድረስ ውሃው ፈልቶ፣ ሽሮው ተነስንሶ፣ ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ ይደረደራል። ርካሽም ነው። ዘይት በዚያ ድስት ውስጥ የሚገባው እንደ ቸኮለ እንግዳ ነው፤ ሰላም ብሎ ይወጣል። እንጀራው ማሽላ ነው፣ ከጤፍ ጋር የተያያዘው ለዝምድና ያህል ብቻ ነው። በዚህ ኑሮ ከዚያ ባነሰ ዋጋ ሆዱን ሊሞላ የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ሐዘን ቤት መፈለግ።

ታዲያ ዘይት የሌለው፣ ሽንኩርቱ ለስሙ የገባ ሽሮ እንዴት ይጣፍጣል? ይጣፍጣል ብቻ አይደለም። ምላስ ላይ ሲያርፍ ሽሮ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ሥጋ ሥጋ ይላል። ሲወርድ ደግሞ ሰውየው ሚስቱን ይቀየማል።

የግቢው ጫኝና አውራጆች ገሚሱ እስላም፣ ገሚሱ ክርስቲያን ናቸው። ሥጋ የተበላ እንደሆነ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ትሪ ይቀርባል፤ ሁሉም ወደየራሱ ዞሮ ይበላል። ሽሮ ሲሆን ግን ትሪው አንድ ነው። ከወዲህ ማዶ ቢስሚላህ፣ ከወዲያ ማዶ በስመ አብ ይባልና እጅ ከእጅ እየተጋጨ ይወርድበታል። ስለዚህ መርሳ ላይ የሽሮ ድስት ከድስትነት ያለፈ ነገር ነው። መቅጠን ይችላል። ማረርም ይችላል። ምሥጢር መያዝ ግን አይችልም።

የጥሩወርቅ ድስት ምሥጢር ነበረው። ይባስ ብሎ የድስቱ ባለቤት ትፎክርበት ነበር።

«እትዬ ጥሩ፣ ግን ምን ጨምረሽበት ነው?» ይሏታል።

«እሱን ለማወቅ የሐብሩ ወረዳ ሴት ሁሉ ተሰብስቦ ዓመት ቢመክር አይደርስበትም!» ትላለች ማማሰያዋን እንደ ዘንግ ይዛ። «ስሞት አብሮኝ ይቀበራል። የቸገረው ይቆፍር!»

ምላሷ ከድስቷ ይልቅ ይፋጅ ነበር። ጨምሪልኝ ላላት፣ «ምን ልጨምርልህ፣ ዕድሜ?» ትለዋለች። ሙላቱ የሚባለው ጡንቸኛ ጫኝ ሳህኑን በጣቱ እየጠረገ ሲልስ ካየች ደግሞ፣ «ኧረ ተው ሙላቱ፣ አበባው ለቀቀ! የሳህኑን ቀለም አልሸጥኩልህም!» ብላ ግቢውን ታስቀዋለች። ሙላቱም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ፣ ነገም ይርበዋል።

ምሥጢሩ ቲማቲም ነበር። የተገዛ ቲማቲም አይደለም። ሳጥን ሲወረወር የሚፈነዳው፣ የሚጨፈለቀው፣ ከሳጥን ሥር ሆኖ ውሃ የሚያወጣው አለ፤ ጫኞቹ እሱን በእግራቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ቦይ ይጥሉታል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ እስላሞቹ ወደ መስጊድ፣ ክርስቲያኖቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ ጥሩወርቅ የማዳበሪያ ከረጢቷን ይዛ ወደ ቦዩ ትወርዳለች። ለቅማ፣ በሦስት ውሃ አጥባ፣ ሰንጥቃ፣ ጨው ነስንሳ የቤቷ ቆርቆሮ ላይ ታሰጣዋለች። ዝንብ እንዳይደርስበት አሮጌ አጎበር ታለብሰዋለች። ጎረቤት በርበሬ ይመስለዋል። የመርሳ ፀሐይ ደግሞ የዋዛ አይደለችም፤ ያንን ሁሉ ውሃ ጠጥታ ቆዳ የመሰለ ነገር ትተውላታለች። እሱን አመስ አድርጋ ትወቅጥና በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ትከተዋለች። ከጣሳው አንድ ማንኪያ ድስቱ ውስጥ ጠብ ካለ ሽሮው ሌላ ሽሮ ነው።

ንጹሕ ነበር። ቢሆንም ደበቀችው። ጫኞች ረግጠው የጣሉትን መልሳ ጫኞችን የምታበላ ሴት ምን እንደምትባል ታውቃለች። እሷ ራሷ ብትሆን ምን እንደምትል ታውቃለችና።

ጥላው ደግሞ የእሷ አይደለም፤ የጫኞቹ ማኅበር ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሸህ ኡበይደላ አንድ ቀን «ልቀቂ» ካሏት የምትሄድበት ቦታ ውርጌሳ፣ ወንድሟ ቤት ነው። ውርጌሳ ለሌላው ሰው መኪና የሚቆምበት ከተማ ነው። ለጥሩወርቅ ግን ከባሏ ተፋትታ ሁለት ክረምት የከረመችበት፣ የወንድሟ ሚስት ጉርሻዋን ከትሪው እስከ አፏ በዓይኗ የምትሸኝበት ቤት ነው። «አንቺ ደግሞ ጠገብሽ መሰለኝ» ትላት ነበር ያቺ ሴት፣ ገና ሁለተኛውን ስትቆርስ። ጥሩወርቅ ያንን ቃል ላለመስማት እንኳን የቦይ ቲማቲም የቦይ ድንጋይም ትወቅጥ ነበር።

አሁን ሄኖክ ይምጣ።

ሄኖክ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ቀጭን፣ ፍንጭት፣ ሲስቅ ከንፈሩ ብቻ የሚስቅ። በየቀኑ ከጥሩወርቅ ይበላል። ሚስቱ ሰላም በቅርቡ አጎራባች ሰፈር ሽሮ መሸጥ ሞክራ ሳምንት ሳይሞላት ዘግታለች። ይኼንን የማያውቅ የለም። ጥሩወርቅ ደግሞ የማያውቅ እንዳይኖር አደረገች፤ አንድ ቀን ሄኖክ እጁን ሲታጠብ ጠብቃ፣ ግቢው ሞልቶ ሳለ፣

«ሄኖኬ፣ የሚስትህን ሽሮ እኮ ቀመስኩት። ውሃው ሽሮ ናፍቆት ሞቷል፤ ነፍስ ይማር!»

ሳቁ ከግቢው አልፎ አስፋልት ተሻገረ። ሄኖክም ሳቀ። እጁን ግን በመሃረብ ሲጠርግ ቆየ፤ እያንዳንዷን ጣት ለብቻ፣ ቀስ ብሎ።

ረመዳን ወጥቶ ሑዳዴ ገና ያልተፈታበት ሰሞን ነበር። እሮብ ዕለት፣ የክርስቲያኑ ጾም በሚፈታበት ሰዓት፣ ትሪው እንደወትሮው በሁለቱም ወገን እጅ ተከበበ። ሄኖክ በላ። ጥርግ አድርጎ በላ። ከዚያ ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ሳብ አደረገና ወደ ሸህ ኡበይደላ ዞረ።

«ሸህ፣ ይኼ ነገር… አጥንት አጥንት አይልዎትም?»

ይህን ብሎ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ምንም አላደረገም፤ ማድረግም አላስፈለገውም።

ወሬው መናኸሪያ ደረሰ። ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ የፍራፍሬ እርሻው ማዶ። እስላሞቹ ዘንድ ሲደርስ አጥንቱ ከክርስቲያን ሉካንዳ የመጣ ሆነ። ክርስቲያኖቹ ዘንድ ሲደርስ ከእስላም ሉካንዳ የመጣ ሆነ፤ ያውም በሑዳዴ! በዓለም ላይ ኖሮ የማያውቅ አንድ በሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ታረደ። አንዱ፣ ውሻ በደጇ ሲያንዣብብ አይቻለሁ አለ። ሌላው፣ ከሥጋ ሻጭ ጋር ስታወራ አይቻታለሁ አለ። በነጋታው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሳይቀር ስለ መርሳዋ ሴት ይወራ ነበር ይላሉ፤ እዚያ ሲደርስ አጥንቱ የግመል ሆኗል።

በማግሥቱ ድስቱ ተንተከተከ፣ የሚበላው ግን ጠፋ። ሙላቱ ትናንት ሳህን የላሰበትን ጣት ዛሬ ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ በአጥሩ ጥግ ሲያቅለሸልሽ ዋለ፤ በጣም ትልቅ ጾመኛ ሆኖ ነበር።

«ሙላቱ!» አለች ጥሩወርቅ። «አንተ ደግሞ! የዓመቱን ሁሉ ልታወጣው ነው?»

የሳቀላት የለም። ዕድሜ ልኳን ካልሳቀላት ሰው ጋር አውርታ አታውቅምና ማማሰያው በእጇ ላይ ከበደ።

ሸህ ኡበይደላ መጡ። ረጅም፣ ዝግ ያሉ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይነሣ ሽማግሌ ናቸው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ምን አለ ድስቱ ውስጥ?»

«ሽሮ ነው፣ ሸህ።»

«ሽሮማ እኔም ቤት አለ።»

ጥሩወርቅ ድስቱን ከደነችው።

«እኛ አንድ ትሪ ላይ ነው የምንበላው፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ነው የኖሩት» አሉ ሸህ። «ሰው እየጠረጠረ አንድ ትሪ አይቀርብም። ነገ ከጁምዓ በኋላ ከነዕቃሽ ግቢው መሐል ውጪ። ከውሃው እስከ ጨው በፊታችን ሥሪ። ዓይናችን ያየውን አፋችን ይበላዋል። ካልሆነ ግን… ጥላውን ትለቂልናለሽ። አትቀየሚኝ።»

አትቀየሚኝ ማለታቸው ነው የከፋት። ቢሰድቧት ትመልስ ነበር።

ያን ቀን ወደ ዘይነባ ሄደች። ዘይነባ የግቢው ደጃፍ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ አንድ ጊዜ ከቦዩ ስትወጣ አግኝታት ያላየች መስላ ያለፈች የልብ ጓደኛዋ ናት። ምሥጢሩን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ነፍስ የለም።

«ዘይኔ፣ አጥንት እንደሌለበት አውቃለሁ ብቻ በይልኝ። ሌላ አልልሽም።»

ዘይነባ ሽንኩርቷን ታገላብጣለች።

«'እንዴት አወቅሽ' ቢሉኝስ?»

«ዝም በያቸው።»

«ሸህ ኡበይደላ ጠይቀውኝ ዝም እላለሁ? ወላሂ አልችልም። ቦይ ያልኩ እንደሆነ ደግሞ፣ ነገ ሰው ከሳጥን አውጥቼ የምሸጥለትን ከቦይ ለቅማ ነው ይለኛል። ልጆች አሉኝ እኮ፣ ጥሩ።» ከዚያ የሚያማምሩ ሽንኩርቶች መርጣ በፌስታል ቋጠረችላት። «ለነገ ይሁንሽ። በነፃ ነው።»

ጥሩወርቅ ሽንኩርቱን ይዛ ተመለሰች። ጓደኝነታቸው በፌስታል ተቋጥሮ እጇ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አርብ፣ የጁምዓ ሶላት እንዳበቃ፣ መርሳ ባዶዋን ቀረች፤ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው። አይሱዙ ላይ የወጣ አለ፣ ሳጥን ላይ የቆመ አለ። አንዲት ድስት ለማየት ይህን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያውቅ አገር ካለ ይምጣና ይናገር። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አገልድማ ተቀመጠች። ጣሳውን ቤቷ ትታዋለች። «ሽሮ ብቻ ሠርቼ ካሳየኋቸው ምን ይላሉ?» ብላ አስባ ነበር። የዘይነባን ሽንኩርት ሁሉ ከተፈችው፤ ዘይቱንም ከወትሮው ሁለት እጥፍ ጨመረች። ውሃ፣ ሽሮ፣ ጨው። ሁሉም አየ። ድስቱ ወረደ፣ ትሪው ቀረበ።

ሸህ ኡበይደላ ቀመሱ። ሙላቱም ጾሙ ከአሁን በኋላ ይፈታል ብሎ ራሱን አሳምኖ ቀመሰ። ሸህ ያልዋጡትን ጉርሻ በጉንጫቸው ይዘው ጥሩወርቅን አዩዋት፤ ሐዘንተኛ እንደሚታይ።

ቀድሞ የተናገረው አይሱዙው ላይ የተንጠላጠለው ሄኖክ ነበር። አንድ ቁራሽ ተቀብሎ ቀመሰና፣

«ይኼማ የሚስቴ ሽሮ ነው!»

ግቢው በሳቅ ተናደ።

«ያኛውስ የት ሄደ፣ እትዬ ጥሩ? አጥንቱ ዛሬ ፈቃድ ወጥቷል?»

ጥሩወርቅ የገባችበት ገባት። ድስቷ ያለ ምሥጢሩ ንጹሕነቷን አልመሰከረላትም፤ ወንጀሏን መሰከረባት። ያኛው ሽሮ ውስጥ ሌላ ነገር እንደነበረ አሁን የቀመሰ ሁሉ ያውቃል።

«ልጄ» አሉ ሸህ። «ያንን አምጪው።»

ሙላቱ አብሯት ተላከ፣ እንዳትጥለው። ቤቷ ሲገቡ ሙላቱ ጣሳውን አይቶ፣ «ይኼን ያህል ትንሽ ነው እንዴ?» አለ፣ ተታልሎ በኖረ ሰው ድምፅ።

ተመልሳ በዚያው ድስት ላይ አንድ ማንኪያ ጠብ አደረገች። ሽታው ተነሣ። አይሱዙ ላይ ያሉት ሳይቀሩ ምራቃቸውን ዋጡ። አንድ ከወልድያ የመጣ ገበሬ «ወይ ጉድ» ብሎ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ ይባላል። ሸህ ኡበይደላ ቆረሱ፣ አጣቀሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ራሱ ነው» አሉ። ከጣሳው በመዳፋቸው ዘገኑና ቀመሱ። «ምንድን ነው ይኼ?»

«ቲማቲም ነው። ደርቆ የተወቀጠ ቲማቲም። ሌላ ነገር ካለበት እግዚአብሔር ይፍረድብኝ።»

ግቢው በረጅሙ ተነፈሰ። ሙላቱ ሳይቀር ፈገግ አለ። ነገሩ አልቆ ነበር፤ ሄኖክ ከአይሱዙው ባይወርድ።

«ቲማቲም! በዚህ ዋጋ ምሳ እየሸጥሽ ይኼን ሁሉ ቲማቲም ከማን ነው የምትገዢው?»

«ምን አገባህ? ከገበያ ነዋ።»

«ከገበያ ከሆነማ ዘይነባ አለች አይደል? ሸህ፣ ዘይነባን ይጠይቁልኝ እስኪ።»

ሸህ ዞሩ። «ዘይነባ፣ ካንቺ ነው የምትገዛው? አላህን ፈርተሽ ተናገሪ።»

ዘይነባ ጥሩወርቅን አላየችም። ያየችው የራሷን እጅ ነው።

«ከኔ እንኳ… ገዝታ አታውቅም።»

ሌላው ሻጭ ሁሉ ሳይጠየቅ ራሱን ነቀነቀ። ጥሩወርቅ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ግቢውን ሁሉ አንድ ጊዜ በዓይኗ ዞረችው።

«ከቦዩ ነው» አለች። «እናንተ ረግጣችሁ የጣላችሁት ነው። ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ያደረቅኩት። ሆዱን የቁርጠት ጫፍ የነካው ሰው ካለ ይውጣና ይናገር! አለ?»

አልነበረም። ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው በሳቅ ፍርፍር አለ። ሁለተኛው ተከተለው። ሙላቱ እግሩን አንሥቶ የጫማውን ሶል አየና፣ «እኔ የረገጥኩትን ነው እንዴ ስልስ የኖርኩት?» ሲል ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሰው በሰው ላይ ተደገፈ። አይሱዙ ላይ ያሉት ሸራውን ይደበድባሉ።

«እትዬ ቦይ!» አለ አንዱ።

በቃ፤ ሌላ ስም አልቀራትም።

ሸህ ኡበይደላ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ተነሡ። «ሰማችሁ ሁላችሁም፤ አጥንት የለበትም። ሐራምም አይደለም፣ ጾምም አያስገድፍም። ሴትየዋ ንጹሕ ናት። ጥላው የራሷ ነው።» ፍርዳቸውን ፈረዱ፤ ትክክለኛ ፍርድ ነበር። ሲወጡ ግን እሳቸውም ከንፈራቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አድርገው ነበር።

ጥሩወርቅ እንግዲህ አሸነፈች። በማግሥቱ ድስቷን ጣደች። ከማግሥቱም ወዲያ ጣደች። ማንም «አንበላም» አላላትም፤ ከጥላው ፊት እያለፉ «እንዴት ዋልሽ እትዬ ቦይ» ብለው ያልፋሉ። ፋሲካ ተፈሰከ፣ ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፤ የመርሳ ጣሪያ ግን ሁሉ ቀላ። ከመናኸሪያ እስከ ፍራፍሬ እርሻው ዳር ቲማቲም ያልተሰጣበት ቆርቆሮ አልነበረም፤ አጎበሩን ያላወጣ ቤት ጠፍቶ ወባዋ ራሷ ግራ ገባት። ጫኞቹ የፈነዳውን ወደ ቦይ መጣል ተዉ፤ በኪሳቸው፣ በቆባቸው እየያዙ ወደ ሚስቶቻቸው ይገሠግሣሉ። ያ ቦይ ከተቆፈረ ጀምሮ ጸድቶ የሚያውቀው ያን ሰሞን ነው። ጥሩወርቅ የመግሪብ አዛን ሲል ከረጢቷን ይዛ ስትወርድ የምታገኘው የታጠበ ድንጋይ ሆነ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከጥላዋ ፊት ለፊት፣ አዲስ የኮምፔንሳቶ ማስታወቂያ ተሰቀለ። በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፦ «ሰላም ምግብ ቤት። ከአጥንት ነፃ ልዩ ሽሮ።» ሄኖክ መሰላል ላይ ቆሞ ምስማሩን ይመታል።

ጥሩወርቅ አስፋልቱን ተሻገረች።

«አጥንት እንደሌለበት ታውቅ ነበር።»

ሄኖክ ከመሰላሉ ላይ ሳይወርድ ሳቀ፤ አሁን በዓይኑም ነው የሳቀው።

«አባቴ ሉካንዳ ነበረው እኮ፣ እትዬ ጥሩ። አጥንት የምለየው ጡት ሳልጥል ነው። 'ምን ጨመርሽበት' ብዬ ብለምንሽ 'ቆፍር' ትይኛለሽ። አጥንት ስልሽ ግን ጣሳውን ራስሽ ይዘሽልኝ መጣሽ።» ምስማር ከአፉ አወጣ። «ሳቂ እንጂ! በሰው ስትስቂ እኮ ያምርብሽ ነበር። አሁን የኔዋን ውሃ ሽሮ አይናፍቀውም፤ ገብተሽ ቅመሺ፣ ለአንቺ በነፃ ነው።»

ሁለተኛዋ ነገር ናት በነፃ የተሰጠቻት።

ግንቦት ሲጋመስ ድስቷንና ምድጃዋን በማዳበሪያ ቋጠረች። ጥላውን ማንም አላስለቀቃትም። ረሃብ ነው ያስለቀቃት። እሮብ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ዕቃዋን ሚኒባስ ላይ አስጫነች። ረዳቱ «ውርጌሳ! ውርጌሳ! አንድ ሰው!» እያለ ያንን ስም ጆሮዋ ላይ ይደበድበዋል።

«መጣሁ፣ ምሳ ልቅመስ» አለችውና ሰላም ምግብ ቤት ገባች።

ቤቱ ጢም ብሏል። ሸህ ኡበይደላ ከነሙላቱ አንድ ትሪ ከበዋል፤ በጎን የደሴ ሹፌሮች ተቀምጠዋል። ሰው ቀና አለ፣ አንዱ «እትዬ ቦ…» ብሎ ሳይጨርስ ዋጠው። ሰላም፣ ልጅ እግር ናት፣ ፊቷ ቀላ፤ ራሷ አቀረበችላት፣ ጨመር አድርጋም አቀረበችላት። ለነገሩ ሰላም ክፉ አይደለችም። ያ ግን ያን ቀን የሚያድናት ነገር አልነበረም።

ጥሩወርቅ ጎረሰች። ቲማቲሙ አለ። ሌላም ነገር አለ። ምላሷ ላይ አንከባለለችውና ወዲያው አወቀችው፤ አብሽ ነው፣ ቁንጥር የምታህል የተቆላ አብሽ።

ሄኖክ በዚያ በኩል ለሹፌሮቹ ያወራል። «ቲማቲሙንማ አሁን መርሳ ላይ የማያደርግ የለም። የእኛ ግን አንድ ሌላ ነገር ገብቶበታል። እሱን ለማንም አንናገርም! የሐብሩ ሴት ሁሉ ቢመክር አይደርስበትም!»

ጥሩወርቅ ማላመጧን አቆመች። የራሷን ቃል ከሰው አፍ ስትሰማ እንዴት ያለ ሞኝ ቃል እንደነበረ ገባት። በዚያ ቃል ሰውን መጣል ምን ያህል ቀላል እንደሆነም ገባት።

«ሰላምዬ» አለች፤ ድምፅዋ ማር ነበር፣ ለሁሉም ይሰማል። «እጅሽ ይባረክ። ቲማቲሙንስ አወቅኩት። ያኛው ግን ምንድን ነው?»

ሰላም አፏን ከፈተች። ከዚያ ባሏን አየችው፤ እንዳትናገር ያዘዛት እሱ ነውና። አንዴ ብቻ አየችው። ትሪውን የከበቡት ሁሉ ያንን ማየት አዩ። የሸህ ኡበይደላ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ በትሪውና በጺማቸው መካከል ቆመ።

ጥሩወርቅ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ሳብ አደረገችው፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ጊዜ። እጇን ታጠበች፤ እያንዳንዷን ጣት ለብቻ ጠረገች፤ ወጣች።

ሚኒባሱ ሲነሣ ሁሉም ከትሪው ተነሥቶ ነበር። ሄኖክ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «አብሽ ነው! ወንድሞቼ፣ አብሽ ብቻ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ ሙላቱ ደግሞ ጣቱን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ይሮጣል። ጩኸቱ እስከ መኪናው ይሰማ ነበር።

እውነቱን ነው የሚናገረው። ከእሱና ከሚስቱ በቀር፣ ከመርሳ ሰው ሁሉ እውነቱን መሆኑን በእርግጠኝነት የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ማዳበሪያውን በእግሯ መካከል አመቻችታ መስኮቱን ዘጋችው፤ ውርጌሳ ቅርብ ነው።